ከአዳራሹ ወጥቶ ወዴት?

ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን የተወካዮች ጉባኤ ላይ ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥተው የወጡ ነበሩ። እኛም ከወጡት ወገን ነን። የተማሪዎቻቸው ቁጥር ጥቂት የሆነውን የትምህርት ክፍሎች በአንድ ወንበር ጠቅልሎ ለማስወከል የቀረበው የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ድምፅ ቢሰጥበት እንደምንሸነፍ ዐውቀን ነበር፤ ቆጥረን ነበርና። ስለዚህ ወጣን፤ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ፤ ሰብሳቢውም ስብሰባውን በተኑ። በዚያ ምሽት በመኝታ ክፍሎቻችን ደስታ ነበረ፤ ድል ያደረግን መሰለን። በማግሥቱ ግን በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ «እሺ፥ ወጣችሁ፤ ከዚያስ ወዴት ሄዳችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ወደ ሻይ ቤት ነበር።

ጥያቄው አንገት የሚያስደፋ ነው። ነገር ግን አንገት መድፋት ብቻውን መልስ ስለማይሆን፥ ከእኛ በፊት ይህንኑ ያደረጉ ሰዎች ምን እንዳገኙና ምን እንዳጡ ለመመርመር ተነሣን። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ በብዛት የሚገኘው በአሜሪካ ግዛቶች ምክር ቤቶች ውስጥ ነው። ሃምሳዎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አውጪ አካል አላቸው። በብዙዎቹም ውስጥ አንዱ ፓርቲ ለረዥም ጊዜ አብላጫ፥ ሌላው ደግሞ አናሳ ሆኖ ይኖራል። ስለ ትምህርት ቤት በጀት፥ ስለ ሠራተኛ መብት፥ ስለ ምርጫ ክልል ወሰን የሚመከረው በእነዚህ አዳራሾች ነው። አናሳው ወገን ጠዋት ወደ አዳራሹ ሲገባ ማታ እንደሚሸነፍ ያውቃል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ስለ አገራችን ከምናነሣቸው በቀር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉ።

በአብዛኞቹ ግዛቶች ምልዓተ ጉባኤ ተሟላ የሚባለው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው። እንዲህ በሆነበት ስፍራ አናሳው ቢወጣ ባይወጣ ሥራው አይቆምም። በቴክሳስ፥ በኦሪገን፥ በኢንዲያናና በቴኔሲ ግን ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው እንዲገኙ ሕገ መንግሥታቸው ያዛል። የቴክሳስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት 150 አባላት ስላሉት 100 ካልተገኙ ሥራ የለም። የኦሪገን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትም 30 አባላት ስላሉት 20 ካልተገኙ ሥራ የለም። ስለዚህ ከሲሶ በላይ የሆነ አናሳ ወገን በድምፁ ሊያቆመው የማይችለውን ነገር በእግሩ ሊያቆመው ይችላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1840 የኢሊኖይ ምክር ቤት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ፥ የዊግ ፓርቲ አባል የነበሩት ወጣቱ አብርሃም ሊንከን የግዛቱን ባንክ ለማዳን ሲሉ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በመስኮት ዘለው ወጥተዋል። ነገር ግን ከመዝለላቸው በፊት የተገኙት አባላት ተቆጥረው አልቀው ስለ ነበር ዝላዩ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ኋላ የአገር መሪ የሆነ ሰው በወጣትነቱ ከመስኮት ቢዘል አይገርምም፤ እኛን ያስተማረን ግን ዝላዩ ጊዜውን ካልጠበቀ መሳቂያ እንደሚያደርግ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ2003 በቴክሳስ ሪፐብሊካኖች አብላጫ በሆኑበት ጊዜ የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንደገና ለመከለል ሕግ አቀረቡ። ከ50 የሚበልጡ የዴሞክራት ተወካዮች በግንቦት ወር ወሰን ተሻግረው ኦክላሆማ ውስጥ ወዳለች አርድሞር ወደምትባል ከተማ ሄዱ። የግዛቱ ፖሊስ ከግዛቱ ውጭ ሊይዛቸው ስለማይችል የመደበኛው ጉባኤ ቀነ ገደብ አለፈና ሕጉ ወደቀ። ዳሩ ግን አገረ ገዥው ልዩ ጉባኤ የመጥራት ሥልጣን ነበራቸው፤ ጠሩም። በዚህ ጊዜ 11 የሕግ መወሰኛ አባላት ወደ ኒው ሜክሲኮ ወጡና ከአንድ ወር በላይ ቆዩ። ከመካከላቸው አንዱ ሲመለስ ግን ነገሩ አበቃ፤ አዲሱ አከላለልም በጥቅምት ጸደቀ። በ2002 ምርጫ ከቴክሳስ ወደ ዋሽንግተን ከሄዱት 32 እንደራሴዎች 17ቱ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ በ2004ቱ ምርጫ ግን 11 ብቻ ቀሩ።

በ2021 ይኸው ታሪክ ተደገመ፤ ጉዳዩም የድምፅ አሰጣጥ ሕግ ነበር። የዴሞክራት ተወካዮች በግንቦት መጨረሻ ሌሊት አዳራሹን ለቀው የመጀመሪያውን ረቂቅ ጣሉት። ልዩ ጉባኤ ሲጠራም በሐምሌ ወር ወደ ዋሽንግተን በረው ከአንድ ወር በላይ ቆዩ። ሕጉ በመጨረሻ መጽደቁ አልቀረም። ይሁን እንጂ እሑድ ጠዋት ድምፅ መስጠትን የሚከለክለውና ዳኞች የምርጫን ውጤት በቀላሉ እንዲሽሩ የሚያስችለው አንቀጽ ከኋለኛው ረቂቅ ወጥተዋል። እንግዲህ መውጣት ፈጽሞ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ይህን ማየት አለበት። በተገኘው ጊዜ ጋዜጦች ረቂቁን አነበቡ፤ ሕዝብም አነበበ፤ አብላጫውም ያፈረበትን አንቀጽ ሠረዘ።

በነሐሴ 2025 ደግሞ ለሪፐብሊካኖች አምስት ተጨማሪ መቀመጫ ያስገኛል የተባለ አዲስ አከላለል ሲቀርብ፥ ከ50 በላይ የሆኑ ዴሞክራቶች ወደ ኢሊኖይና ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄዱ። ከ2021ዱ በኋላ በወጣው ደንብ መሠረት ያለፈቃድ የቀረ አባል በቀን 500 ዶላር ይቀጣ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ ሕጉም በጥቂት ቀናት ውስጥ 88 ለ52 በሆነ ድምፅ አለፈ። ከተመለሱት መካከል ኒኮል ኮሊየር የተባሉት እንደራሴ በፖሊስ ታጅቤ አልወጣም ብለው በአዳራሹ ውስጥ አደሩ። በሌላ በኩል ግን ነገሩ በአገሪቱ ሁሉ ስለ ተሰማ፥ ዴሞክራቶች አብላጫ የሆኑባት ካሊፎርኒያ አጸፋውን የሚመልስ አከላለል አዘጋጅታ ለሕዝብ አቀረበች፤ የካሊፎርኒያ መራጮችም በኅዳር 2025 አጸደቁት። ይህን አንዳንዶች ድል ይሉታል። እኛ ግን ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ሚዛን ሲያዛቡ ገበያተኛው ምን ይጠቀማል እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የዊስኮንሲን ታሪክ ነው። በ2011 አገረ ገዥው ስኮት ዎከር የመንግሥት ሠራተኞችን የኅብረት ድርድር መብት እጅግ የሚያጠብ ሕግ አቀረቡ። 33 አባላት ባሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች 19፥ ዴሞክራቶች 14 ነበሩ፤ የገንዘብ ነክ ሕግን ለመወሰን ደግሞ 20 አባላት መገኘት ነበረባቸው። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው! አሥራ አራቱ ወደ ኢሊኖይ ሄደው ሦስት ሳምንት ቆዩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መምህራን፥ ነርሶችና ተማሪዎች በማዲሰን ከተማ የምክር ቤቱን ሕንፃ ከበው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰልፍ አደረጉ። አብላጫው ግን ከሕጉ ውስጥ ገንዘብ ነክ የሆነውን ክፍል ነጥሎ አወጣና፥ የቀረውን አንድም ዴሞክራት በሌለበት 18 ለ1 አጸደቀው። በምልዓተ ጉባኤ የተሠራው አጥር አንድ ቀዳዳ ነበረበት፤ ቀዳዳውንም አገኙት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሕዝቡ ውክልና ለማንሳት የሚያስችለውን ሕግ ይዞ ተነሣ። በዚያው ዓመት በጋ ሁለት የሪፐብሊካን አባላት ወንበራቸውን አጡ፤ አገረ ገዥውን ለማንሣትም ከ900 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በሰኔ 2012 በተደረገው ምርጫ ግን አገረ ገዥው አሸነፉ። ከዚህ የምንማረው፥ ሦስት ሳምንት መጥፋት መቶ ሺህ እግር እንደሚያስነሣ፥ ነገር ግን ያ ሁሉ እግር እንኳ ውጤቱን አስቀድሞ ዋስትና እንደማይሰጥ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዴሞክራቶች ነው። ብዙዎቻችን ለእነርሱ እናዝን ይሆናል። አሁን ፊታችንን ወደ ኦሪገን እንመልስ፤ በዚያ አናሳዎቹ ሪፐብሊካኖች ናቸው። በ2019 የአየር ብክለትን ለመቀነስ በፋብሪካዎች ጭስ ላይ ጣሪያ የሚያበጅ ሕግ ሲቀርብ 11 የሪፐብሊካን የሕግ መወሰኛ አባላት ጠፉ፤ ሕጉም ሞተ። በ2020 ደገሙት። አገረ ገዥዋ ኬት ብራውንም ምክር ቤቱ ያላለፈውን ነገር በራሳቸው ትእዛዝ ወደ ሥራ አስገቡት። በ2022 ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ድምፅ፥ ያለ ፈቃድ አሥር ጊዜ የቀረ አባል ለሚቀጥለው ዘመን እንዳይመረጥ ወሰነ። ይህም ሆኖ በ2023 እንደገና ወጡና ስድስት ሳምንት ቆዩ። በመጨረሻ በድርድር የሕጎቹ አንዳንድ ክፍሎች ተሻሽለው ተመለሱ፤ አሥር አባላት ግን ለእንደገና ምርጫ የመቅረብ መብታቸውን አጡ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 ይህንኑ አጸና።

እዚህ ላይ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። የቴክሳሶቹን ጀግኖች፥ የኦሪገኖቹን ደግሞ ሥራ ፈቶች ብለን እንደ ሆነ፥ የፈረድነው ስለ አሠራሩ ነው ወይስ ስለ ማልያው? ደግሞም በ2001 በዚያችው በኦሪገን አናሳ የነበሩት ዴሞክራቶች በምርጫ ክልል አከላለል ምክንያት አዳራሹን ትተው ወጥተው እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ዛሬ የሚከስሰው ትናንት ያደረገው ነው፤ ዛሬ የሚያደርገውም ነገ ይከስሳል። አባቶቻችን «ነግ በኔ» ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ሚዛን ያስፈልገናል። በእኛ አስተያየት ሚዛኑ ሦስት ጥያቄዎች አሉት።

አንደኛው፥ የሚወጣው ሕግ ነገ በምርጫ ሊታረም የሚችል ነው ወይስ ምርጫውን ራሱን የሚለውጥ ነው? የጭስ ሕግ መጥፎ ቢሆን የሚቀጥለው ምክር ቤት ይሽረዋል። የምርጫ ክልልን ወሰን በሚመቸው መንገድ የሚቀድድ ሕግ ግን የሚቀጥለውን ምክር ቤት አስቀድሞ ይሠራዋል። በመጀመሪያው የተሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው ምርጫ ሊታገሥ ይገባዋል፤ በሁለተኛው የተሸነፈ ሰው የሚታገሥበት ምርጫ እየተወሰደበት ነው። በዚህ ሚዛን የቴክሳሶቹ ምክንያት ከኦሪገኖቹ የ2019 ምክንያት ይከብዳል፤ ይህን የምንለውም ስለ ፓርቲያቸው አይደለም።

ሁለተኛው፥ በመውጣት የተገኘው ቀን ምን ላይ ዋለ? መውጣት ጊዜን መበደር እንጂ ሕግን ማሸነፍ አይደለም። አብላጫው ልዩ ጉባኤ ይጠራል፤ መቀጫ ይጥላል፤ ቀዳዳ ይፈልጋል። የተበደሩትን ጊዜ በሕዝብ መካከል የዘሩት ሰዎች አንድ ነገር ይዘው ይመለሳሉ፤ በሆቴል የተኙበት ሰዎች ግን ዕዳውን ብቻ ይዘው ይመለሳሉ።

ሦስተኛው፥ ያን ነገር ተቃዋሚያችን ቢያደርገው እንችለዋለን? ካልቻልነው መብት ሳይሆን ኩርፊያ ነው።

መቆየትም ቢሆን የራሱ ትግል እንዳለው መርሳት አይገባም። አንድ ምክር ቤት ብቻ ባላት በኔብራስካ 49 አባላት አሉ፤ ክርክርን ለመዝጋት 33 ድምፅ ያስፈልጋል። በ2023 ማኬላ ካቫና የተባሉት ተወካይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሕክምና የሚመለከት አንድ ሕግ በመቃወም በቀረበው ረቂቅ ሁሉ ላይ ሳምንታት ሙሉ እየተነሡ ተናገሩ። ክርክሩ የተዘጋው በመጨረሻ ልክ በ33 ድምፅ ነበር፤ አንድ ድምፅ ቢጎድል ሕጉ ይወድቅ ነበር። በዚያው ዓመት በቴኔሲ፥ በናሽቪል ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች በጥይት ከተገደሉ በኋላ፥ ጀስቲን ጆንስና ጀስቲን ፒርሰን የተባሉ ሁለት ወጣት ዴሞክራቶች በአዳራሹ መካከል የድምፅ ማጉያ ይዘው ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ ጮኹ። ከ99 ወንበር 75ቱን የያዘው አብላጫ ወገን ሥርዓት አፈረሳችሁ ብሎ ከአባልነት አባረራቸው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ግን የየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች መልሰው ላኳቸው፤ በነሐሴም ሕዝቡ መረጣቸው። ከመባረራቸው በፊት ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ከተባረሩ በኋላ አገር ዐወቃቸው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ተፈጸመ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ይሟላል፤ ስለዚህ አናሳ ወገን ወጥቶ ሥራ ማቆም አይችልም። ቢሆንም የመግባትና የመውጣት ጥያቄ በአገራችን እጅግ ከባድ ሆኖ ታይቷል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ «ምክር ቤት እንግባ፥ አንግባ» የሚለው ክርክር ተቃዋሚዎችን ለሁለት ከፍሏል። ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ያሸነፈው ቅንጅት ከተማይቱን ሳይረከብ ቀረ፤ ከተማይቱም ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። ደም ፈሰሰ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። በ2002 ምርጫ 547 ወንበር ባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ሆነው የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ነበሩ፤ በ2007 ደግሞ አንድም አልነበረም። ይህን ሁሉ ያመጣው አለመግባት ነው አንልም፤ እንዲህ ማለት የታሰረን ሰው በመታሰሩ መውቀስ ይሆናል። የምንለው፥ ባዶ ወንበር ለብቻው እንደማይናገር ነው። ባዶ ወንበር የሚናገረው ከውጭ ሆኖ የሚናገርለት ሕዝብ ሲኖርና ያ ሕዝብ እንዲናገር ሲፈቀድለት ብቻ ነው።

«ብዙኃኑ መርጦናል፤ ጥቂቶች ሊያግዱን አይገባም» የሚለውን የአብላጫውን ክርክር በንቀት አናልፈውም። እውነት አለበት። ሲሶው ሁልጊዜ ሁለት ሦስተኛውን የሚያስር ከሆነ፥ ያም ቢሆን የጥቂቶች አገዛዝ ነው። ነገር ግን ብዙኃኑ የመረጠው አብላጫውን ብቻ አይደለም፤ አናሳውንም የመረጠው ሕዝብ ነው። አብላጫው የመወሰን መብት አለው፤ ሳይሰማ የመወሰን መብት ግን የለውም። አንድ ቀን አናሳ እንደሚሆን የሚያውቅ አብላጫ ደንብን በጥንቃቄ ይነካል፤ ለዘላለም አብላጫ ሆኜ እኖራለሁ የሚል ግን ደንቡን እንደ እርሳስ ይቀርጸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመጀመሪያው ጥያቄ ራሳችንን ብንመዝን አናፍርም፤ የቀረበው ማሻሻያ የውክልናን ሥርዓት የሚለውጥ ስለ ሆነ በሚቀጥለው ምርጫ ሊታረም የማይችል ነው። በሦስተኛውም አናፍርም፤ ትልልቆቹ የትምህርት ክፍሎች እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸውና ቢወጡ አንከስሳቸውም። በሁለተኛው ጥያቄ ግን ወድቀናል። አሥራ ሁለት ቀን አገኘን፤ አሥራ ሁለቱንም በሻይ ቤት ጨረስናቸው። ማሻሻያውን አባዝተን ለተማሪው አላደልንም። ሐሳቡን ካቀረቡት ጓደኞቻችን አንዱን እንኳ ጠርተን አላነጋገርንም። ያ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ምን እንደ ወጣን እንኳ አላወቀም ነበር፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉባኤ እንገባለን። እስከዚያው በየመኝታ ሕንፃው እየዞርን ማሻሻያውን እናነባለን፤ ለምን እንደምንቃወመው እንናገራለን፤ የሚደግፉትም አብረውን መጥተው እንዲናገሩ እንጋብዛለን። ከአብላጫው ወገን የምንለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ረቂቁ ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለተቃዋሚውም ለደጋፊውም እኩል ሰዓት ይሰጥ፤ ድምፁ በእጅ ብልጫ ሳይሆን ስም እየተጠራ ይሰጥና በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ይህን ካገኘን ብንሸነፍም ተሸንፈን እንቀመጣለን። ቃለ ጉባኤውም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ይቀራል፤ ማን ምን እንዳለ ያነቡታልና።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ከተከለከልን ግን እንደገና ልንወጣ እንችላለን። በዚያን ጊዜ ያ ተማሪ ወዴት እንደሄድን አይጠይቀንም፤ ወደ እርሱ መጥተን ያገኘናልና።